የራስ ቅሉ መንገድ

ከጅቡቲ የሚጻፍ ተከታታይ ታሪክ

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

ክፍል አንድ፤ የኮንትሮባንዲስቱ እንግዳ

በ1928 መጨረሻ ከመርከብ ወርዶ ጅቡቲን የረገጠው ፈረንሳዊ ቄስ እንግድነቱ ለኮንትሮባንዲስት ነበር።

ቄሱ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ይባላል። ኢየሱሳዊ ነው። ከቅስናው ጎን የድንጋይና የጥንት አጥንት ሊቅ ነው፤ ስለ አዳም ኃጢአት የጻፈው ነገር አለቆቹን ስላስቆጣ ከማስተማር ሥራው ተነሥቶ ወደ ቻይና ተሸኝቷል። ኮንትሮባንዲስቱ አንሪ ደ ሞንፍሬ ነው። በ1911 ወደዚህ አገር መጥቶ ዕንቁ ሲነግድ፣ መሣሪያ ሲያሻግር፣ ሐሺሽ ሲጭን፣ በመካከሉም ሲታሰርና ሲፈታ የኖረ ሰው። የተዋወቁት በ1926 መርከብ ላይ ነው። ቄስና ሐሺሽ ጫኝ ምን አፋቀራቸው የሚል ካለ፣ እኔ የምገምተው ሁለቱም ከአለቃ ጋር የማይስማሙ መሆናቸውን ነው።

ጅቡቲን በስም ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ አቀማመጧን ልንገር። ከተማዋ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ አፍ ላይ ናት። ፊት ለፊት፣ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ፣ ፈረንሳዮች በ1862 በውል የያዟት ኦቦክ አለች። በ1888 ጅቡቲ ስትቆረቆር ኦቦክ ተረሳች። ከኦቦክ ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ባብ ኤል መንደብ ይደርሳል። እዚያ አፍሪካና ዓረቢያን የሚለያቸው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውኃ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወደዚያ ውኃ ደጋግመን ስለምንመለስ አንባቢ ቦታውን በልቡ ይያዝ።

ቴያር የዳርቻውን ድንጋይ መረመረ፤ ያየውንም ከሌሎች ሊቃውንት ጋር በ1930 አሳተመ። ከባሕሩ ዳር ግን የጥንት ሰው አጥንት አላገኘም። የጥንት ሰው ዱካ ያገኘው በባቡሩ መስመር ላይ ነው።

ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ለገሃር ይወርዳል። አውሮፕላን ባልተለመደበት በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ ኢትዮጵያ መዲና የሚያስገባው ዋናው በር ይኸው ነው፤ አምባሳደሩም፣ ሰላዩም፣ አሻሻጩም፣ ሊቁም የሚገቡበት። የጅቡቲ ፖሊስ የመንገደኞቹን ሻንጣ በሚገባ ቢፈትሽ ኖሮ የ20ኛው ክፍለ ዘመንን የሰው ዘር ጥናት ግማሹን እዚያው መድረክ ላይ ያገኘው ነበር።

በ1929 ቴያርና ሞንፍሬ ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ያለውን ገደል ወጡ። ከደቻቱ አሸዋማ ሸለቆ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ዋሻ አለ። ግድግዳው ላይ ሥዕል፣ ወለሉ ላይ የተፈለጠ የድንጋይ መሣሪያ አገኙ። ፖር-ኤፒክ አሉት፤ ጃርት ማለት ነው። ቴያር ብዙ ሳይቆይ ወደ ቻይና ተመለሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቤጂንግ አጠገብ የቤጂንግ ሰው የሚባለው የራስ ቅል ተገኘና የዓለም ዓይን ሁሉ ወደ እስያ ዞረ። የድሬዳዋው ዋሻ አራት ዓመት ጠበቀ።

በ1933 ሌላ ቄስ መጣ። አቤ አንሪ ብረይ፣ በፈረንሳይ ዋሻዎች ሥዕል ዕውቀቱ ስሙ የገነነ፣ ከፖል ቬርኔር ጋር ሆኖ ፖር-ኤፒክን ቆፈረ። ሺህ ዘመን የተጋገረውን አፈር ሰባብሮ፣ ከድንጋይ መሣሪያዎቹ ጋር የተቀበረ አንድ የሰው አጥንት አወጣ።

አጥንቱ መንጋጋ ነበር። ያውም ስብርባሪ።

ይህን አጥንት ወደ ጎን መተው ቀላል ነው፤ ግን ትንሽ እንቆይበት። የራስ ቅል ለጥንት ሰው ተመራማሪ የሚጠቅመው ብዙ የሚለካ ቦታ ስላለው ነው፤ ግንባሩ፣ የዓይን ጉድጓዱ፣ የጆሮው ቀዳዳ፣ የኋላው ጉብታ፣ በእነዚህ ሁሉ መካከል ያለው ርቀትና ማዕዘን። የተሰበረ መንጋጋ የሚሰጠው ጥቂት ቁጥር ነው። የውፍረቱን፣ የቁመቱን፣ አገጭ የመኖር ያለመኖሩን ነገር ይናገር ይሆናል። ባለቤቱ ከወዴት መጣ፣ ልጆቹስ ወዴት ሄዱ ለሚለው መልስ የለውም። አንሪ ቫሏ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ስለ መንጋጋው ጥናት ያወጣው በ1951 ነው፤ ከተቆፈረ ከ18 ዓመት በኋላ። ጥንታዊና የዛሬ ሰው መልክ ተቀላቅሎበታል ሲል ደመደመ። ዋሻው ራሱ ከመንጋጋው ይልቅ ተናጋሪ ሆኗል፦ በኋላ በተደረጉ ቁፋሮዎች ከወጣው መካከል 4,213 ቁራጭ ቀይና ቢጫ ቀለም አፈር ተመዝግቧል፤ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የነበሩ ሰዎች ቢያንስ ለ4,500 ዓመት ያህል ቀለም ሲፈጩ ኖረዋል።

የ1933 ነገር በዚህ አያበቃም። ዓመቱ ሲገባ የማርሴል ግሪዮል ቡድን፣ ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋረጠው፣ ጉዞውን እዚህ ጅቡቲ ላይ ፈጽሞ ወደ ፈረንሳይ ተሳፈረ። ከዕቃው መካከል ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተነሣው ሥዕል ነበር፤ ዛሬም ፓሪስ ነው። እንግዲህ አንዱ ሥዕላችንን ጭኖ ሲወጣ ሌላው ዋሻችንን ሊቆፍር ይገባል።

በዚያው ዓመት ሦስተኛ መንገደኛ መጣ። ይህኛው አሜሪካዊ ነው፣ ወጣት ነው፣ ቄስም አይደለም። ሻንጣው ውስጥ ሁለት የተቆለመሙ እግሮች ያሉት የብረት መለኪያ አለ። አካፋ አልያዘም፤ የሚፈልገው የሙታንን አጥንት አልነበረምና። የሚፈልገው የእኛን ራስ ነው፤ በአንገታችን ላይ እንዳለ።

ይቀጥላል።

ክፍል ሁለት፤ ራስ ለካኙ

ባለፈው ሳምንት አሜሪካዊውን ከነመለኪያው ባቡሩ ደጃፍ ላይ ትተነዋል። ስሙ ካርልተን ኩን ነው። ዕድሜው 29፣ ከሃርቫርድ የወጣ፣ ከዚህ በፊት የሞሮኮን የሪፍ ተራሮችና የአልባኒያን ደገኞች የለካ። አሁን ደግሞ ኢትዮጵያን ሊለካ መጣ። ይህን እኔ አላጋነንኩም፤ በ1935 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ርዕስ «ኢትዮጵያን መለካትና ወደ ዓረቢያ መሸሽ» የሚል ነው። ርዕሱ መጨረሻውን አስቀድሞ ቢናገርም ነገሩን ከመነሻው እናንሣው።

ራስ እንዴት ይለካል? ለካኙ ሰውየውን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ይከፍታል። የአንዱን እግር ጫፍ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል፣ ከአፍንጫ ሥር ከፍ ብሎ ባለው ጉብታ ላይ አስደግፎ በግራ እጁ ጣቶች ይይዘዋል። ሌላውን ጫፍ በኋላ ጭንቅላት በኩል፣ ጸጉሩን ተጭኖ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ እያለ ያንሸራትታል። ቁጥሩ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ያ የራሱ ርዝመት ነው። ቀጥሎ ከጆሮዎቹ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙን ይይዛል፤ ያ ስፋቱ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊ ቁጥሩን ይጽፋል። ስፋቱ ለርዝመቱ ይካፈልና በመቶ ይባዛል። ርዝመቱ 190፣ ስፋቱ 144 ሚሊ ሜትር የሆነ ራስ 76 ገደማ ይወጣዋል። ከ75 በታች የወረደው ረጅም ራስ፣ ከ80 በላይ የወጣው ድቡልቡል ራስ ይባላል። ይህን ስሌት በ1840ዎቹ የፈጠረው አንደርስ ሬትዚየስ የተባለ ስዊድናዊ ነው። ከእርሱ በኋላ አውሮፓ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ በዚህች ቁጥር ሕዝብን ከሕዝብ ስትለይና ስታበላልጥ ኖረች።

ድሬዳዋ ተወልደው ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የፈጁ፣ አሁን ጅቡቲ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አሉ። የኩንን ነገር አጫወትኳቸው።

«ጋሼ፣ አንድ አሜሪካዊ በ1933 በእናንተ ባቡር ሄዶ የሰው ራስ ሊለካ ነበር።»

«ለቆብ ነው?»

«አይደለም፤ የሰዉን ዘር ለማወቅ ነው።»

«ምነው የኔ ልጅ! ዘሩንማ ቢጠይቀው እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ይነግረው አልነበር?»

ሳቅን። ግን የጋሼ ነገር ከቀልድ ያልፋል። በዚህ ከተማ ሶማሌው አባቶቹን እስከ ጎሳው ራስ ድረስ በቃሉ ይወርዳል፤ አፋሩም እንዲሁ። ኩን ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በእርሱ እምነት ግን አፍ ይዋሻል፣ አጥንት አይዋሽም።

አጥንት እንደሚዋሽ፣ ወይም ቢያንስ ሐሳቡን እንደሚለውጥ፣ ኩን ገና ልጅ ሳለ የታየው እዚያው አገሩ ነው። ፍራንዝ ቦአስ ኒው ዮርክ ላይ 18,000 ያህል ስደተኞችንና ልጆቻቸውን አስለክቶ ውጤቱን በ1911 አወጣ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ራሳቸው ድቡልቡል ነበር፤ አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው ራስ ረዘም አለ። የሲሲሊዎቹ ደግሞ በተቃራኒው ከረጅም ወደ ድቡልቡል አዘነበለ። ምግብና አኗኗር ሲለወጥ በአንድ ትውልድ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። በ2002 እና በ2003 የቦአስን መዝገብ እንደገና ያሰሉ ሁለት ቡድኖች ለውጡ ትንሽ ነው፣ የለም ቦአስ በዋናው ነገር ልክ ነው እያሉ ተከራክረዋል። ለውጥ መኖሩን ግን ማንም አልካደም። እንግዲህ በትውልድ የሚንቀሳቀስ ነገር የሺህ ዓመት የዘር ማኅተም ነው ብሎ መማል እንዴት ይቻላል?

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ኩን ወደ ውስጥ አገር ዘልቆ በሰፊው ሊለካ አስቦ ነበር። ሥራው በባለሥልጣናቱ እጅ ተያዘና በሚፈልገው መጠን አልሄደለትም። የዘመኑን ሹማምንት የፈረንጅ ጥበብ ያልገባቸው አድርጎ መሳቅ ለአሜሪካዊ አንባቢ ቀላል ነበር። እኔ በበኩሌ ከእነርሱ ጋር እወግናለሁ። ኢጣልያ በሁለት በኩል ድንበሩ ላይ ቆማለች፤ የወልወሉ ግጭት ሊፈነዳ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶታል። በዚህ ሰዓት አንድ ነጭ ገጠር ለገጠር እየዞረ የገበሬ ራስ ልለካ ሲል ይሁን ብሎ የሚፈርም ሹም ቢገኝ ነበር የሚገርመው።

ኩን ዕቃውን ጠቅልሎ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ የመን ገብቶ መለካቱን ቀጠለ። ከአፍሪካ ወደ ዓረቢያ፣ በዚሁ በእኛ በር አካባቢ። የሰው ልጅ ከአፍሪካ ሲወጣ የረገጠው ነው የሚባለውን መንገድ ነው የሄደው፤ ያን ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው ግን ገና አልነበረም።

ከእርሱ በኋላ ፈቃድ የማይጠይቁት መጡ። በወረራው ዘመን ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የተባለ የፍሎረንስ ሊቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው እየለካ፣ የሰው ፊት ላይ እርጥብ ጀሶ እየለሰነ ጭንብል ቀረጸ። በ1938 የፋሺስቱን የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት አሥር ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው።

ኩን ደግሞ በ1939 «የአውሮፓ ዘሮች» የተባለ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን እዚያ ውስጥ እናገኛቸዋለን፤ ከሜዲትራኒያን ዘር የተቀዱ፣ ከጥቁር ጋር የተቀላቀሉ ተብለው። ስለ አውሮፓ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ የሐረር ሰው ምን ይሠራል አትበሉኝ። ነገሩ ዕድገት ያለበትን የአፍሪካ ሕዝብ ሁሉ ከውጭ መጣ ማለት የሚወድ የዘመኑ ልማድ ነው። እውነቱን ለመናገር ከእኛም ወገን ይህን ሰምቶ ደስ ያለው አልጠፋም፤ ዛሬም አልጠፋም።

በ1962 ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የሰው ልጅ አምስት ዘር ሆኖ ለየብቻው ወደ ዛሬው ሰውነት ተሸጋገረ፣ አፍሪካዊውም ዘግይቶ ደረሰ ይላል። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የአካላዊ ሥነ ሰብእ ሊቃውንት ማኅበር የዘር መለያየትን የሚደግፍ የካርልተን ፑትናም መጽሐፍን ሲያወግዝ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኩን ተቆጥቶ ወንበሩን ጥሎ ወጣ።

አፍሪካዊው ዘግይቶ ደረሰ ተብሎ ከተጻፈ አምስት ዓመት አልፎ፣ በ1967፣ አንድ ኬንያዊ አጥንት ፈላጊ በኢትዮጵያ ደቡብ ጫፍ በኦሞ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ ደለሉን ሲያይ ከአፈሩ ብቅ ያለ ነገር አየ። ያየው ነገር የኩንን መጽሐፍ ከመሠረቱ የሚንድ ነበር።

ይቀጥላል።

ክፍል ሦስት፤ የጆሮ ግንድ አጥንት

ካሞያ ኪሜኡ ይባላል፤ የሪቻርድ ሊኪ ቡድን አባል ነው። ኪቢሽ ከሚባለው ቦታ ያገኘው ኦሞ አንድ ተባለ። ኦሞ ሁለት የተባለው ሌላ የራስ ቅልም ከወንዙ ማዶ ተገኘ። አንደኛው አገጭ ያለው፣ ግንባሩ የቆመ፣ የዛሬ ሰው። ሁለተኛው ግንባሩ ወደ ኋላ የተኛ፣ የኋላ ጭንቅላቱ የተሰበረ ማዕዘን የመሰለ። መጀመሪያ 130,000 ዓመት ተሰጣቸው፤ በ2005 ወደ 195,000 ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ከኦሞ አንድ በላይ የተነጠፈው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የወጣ መሆኑ ታውቆ ዕድሜው ቢያንስ 230,000 ያህል ሆነ። በመካከሉ፣ በ1997፣ እነ ቲም ዋይትና ብርሃነ አስፋው አፋር ውስጥ ሄርቶ ላይ 160,000 ዓመት ያስቆጠሩ የራስ ቅሎች አገኙ፤ የትልቁ የአንጎል መያዣ 1,450 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፣ ከአብዛኞቻችን ይበልጣል። በ2017 ሞሮኮ 300,000 ገደማ ይዛ ብትመጣም አቅጣጫው አልተለወጠም። ዘግይቶ ደረሰ የተባለው ቀድሞ ነበር።

እንግዲህ ካሊፐሩ ተዋርዶ ወደ ሙዚየም መግባት ነበረበት። አልገባም። ይህ ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ነው።

ሃርቫርድ ውስጥ፣ የኩንን ትምህርት ቤት የወረሰ ዊልያም ሃወልስ የተባለ ሰው ከ1965 እስከ 1980 ዓለምን እየዞረ 2,524 የራስ ቅሎችን ለካ። በአንድ ቁጥር አልረካም፤ ከእያንዳንዱ 57 ልኬት ወሰደ። ሰውን በመደብ መደርደሩን ትቶ ቁጥሮቹን ለማንም ተመራማሪ ክፍት አደረገ። መዝገቡን ስገልጥ የመጀመሪያ ሥራዬ እኛን መፈለግ ነበር። የኬንያ ታይታ አለ፣ የማሊ ዶጎን አለ፣ ዙሉ አለ፣ ሳን አለ፣ የጥንት ግብፃውያን አሉ። ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሌ፣ ከጅቡቲ አንድም የለም። የሰው ልጅ በር ላይ የተቀመጥነው በመዝገቡ ውስጥ ባዶ ቦታ ነን።

ቀጥሎ የጃፓኑ ሱኔሂኮ ሃኒሃራ ከዚያ የሰፋ መዝገብ አጠናቀረ። በ2007 ካምብሪጅ ያለው አንድሬያ ማኒካ ከእርሱና ከሌሎች ጋር ሆኖ ከ105 ሕዝቦች የተወሰዱ 4,666 የወንዶች የራስ ቅሎችን፣ በ37 ልኬት፣ አንድ አዲስ ጥያቄ ጠየቃቸው። ጥያቄው የየትኛው ሕዝብ ራስ ይረዝማል አልነበረም። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ራሶቹ እርስ በርስ ምን ያህል ይለያያሉ የሚል ነበር።

የጥያቄው ብልሃት ይህ ነው። ከድብልቅ ቆሎ ከረጢት አንድ እፍኝ ውሰዱ፤ ገብሱም ሽምብራውም ሱፉም ይኖርበታል፣ ለውዙ ግን ሊያመልጥ ይችላል። ከእፍኙ ቆንጠር አድርጋችሁ ለሌላ ስጡ፤ ሱፉም ይጎድላል። ጥቂት ሰዎች ከአገራቸው ወጥተው አዲስ አገር ሲያቀኑ፣ ከእነርሱም ጥቂቶች ወደ ሌላ ሲያልፉ፣ በየመሻገሪያው ልዩነት እየተንጠባጠበ ይቀራል። ስለዚህ የብስ ለየብስ በተለካ መንገድ ከመነሻው በራቅን ቁጥር የራስ ቅሎቹ እርስ በርስ እየተመሳሰሉ መሄድ አለባቸው።

እንደዚያው ሆነ። ከአፍሪካ በራቀ ቁጥር ልዩነቱ ቀነሰ። ሁለተኛ መነሻ ይኖር እንደሆን ፈለጉ፤ አላገኙም። የብርድ አገር ራስን የሚቀርጸውን ተጽዕኖ አውጥተው ቢያሰሉትም ፍንጩ አልጠፋም። የኩን አምስት ዘር በራሱ በካሊፐሩ ወደቀ። የመነሻው ጥቁምታ ግን ኢትዮጵያን አልፎ ወደ መካከለኛውና ደቡባዊው አፍሪካ አመለከተ። እዚህ ላይ ኩራታችን ትንሽ ቢነካ ምን ይደረግ፤ ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም።

መነሻው እንዲህ ከሆነ፣ የወጡበት በርስ?

በ2014 ጀርመን ቱቢንገን የነበሩት ሁጎ ሬየስ-ሴንቴኖና ካትሪና ሃርቫቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንዲት የራስ ቅል ክፍል መረጡ፦ የጆሮ ግንድ አጥንትን። የፊት አጥንት በአየርና በአመጋገብ ይቀረጻል፤ በጆሮ ዙሪያ ያለው ግን የዘር ዝምድናን የተሻለ ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል። በአጥንቱ ላይ ያሉ ነጥቦችን በሦስት አቅጣጫ መዝግበው ከዘረ መል መረጃ ጋር አስተያዩ፤ ከአፍሪካ መውጫ መንገዶችንም በካርታ እየቀያየሩ የትኛው ከቁጥሩ ጋር እንደሚስማማ ፈተሹ። የተስማማው ሁለት ጊዜ መውጣት ነው። የመጀመሪያው ከ130,000 ዓመት ገደማ በፊት የዓረቢያን ደቡብ ዳርቻ ይዞ እስከ አውስትራሊያ፣ ሁለተኛው ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት።

የዓረቢያ ደቡብ ዳርቻ ማለት ባብ ኤል መንደብ ነው። የቴያር ድንጋይ፣ የሞንፍሬ ጀልባ፣ የኩን ሽሽት።

መሻገር ይቻል ነበር? በበረዶው ዘመናት የዓለም ባሕር እስከ 120 ሜትር ወርዶ ነበር። ከበሩ በስተ ሰሜን ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው የባሕር ደፍ 137 ሜትር ጥልቀት አለው። ስለዚህ ውኃው ጨርሶ አልደረቀም፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ብቻ ቀረ። ማዶው በዓይን ይታያል፣ ታንኳም ይበቃል። ዛሬ ውኃው ሰፍቶ ከኦቦክ ዳርቻ ወደ የመን የሚሻገሩት በብዛት የእኛ ልጆች ናቸው፤ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ። በኦክቶበር 2024 ከየመን የተነሡ ሁለት ጀልባዎች 310 ሰው ጭነው መጥተው ጅቡቲ ዳርቻ አጠገብ ባሕር ላይ አራገፏቸው፤ ቢያንስ 45ቱ ሞቱ። ስለ ጥንቱ መሻገር የሚጻፈውን ሁሉ ሳነብ እነዚህ ከፊቴ አይጠፉም።

የደቡቡ በር ድል ግን ብዙ አልቆየም። በ2015 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ የ225 ኢትዮጵያውያንና ግብፃውያንን ሙሉ ዘረ መል አንብበው ዋናው መውጫ በሰሜን፣ በግብፅ በኩል ነው አሉ። በ2016 በአንድ ቀን የወጡ ሦስት ትልልቅ ጥናቶችም ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ደሙ ከአንድ መውጣት የመጣ ነው ብለው ተቀራረቡ። ከቀደመው መውጣት የተረፈ ነገር ያገኘው የፓጋኒ ቡድን ብቻ ነው፤ በፓፑዋ ሰዎች ውስጥ ቢያንስ 2 በመቶ። አጥንቱ ደቡብ ሲል ደሙ ሰሜን አለ።

ይህን ክርክር የሚዳኝ አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር፦ ራሱ አጥንቱ ውስጥ የቀረ የጥንት አፍሪካዊ ዘረ መል። ሙቀት ዘረ መልን ስለሚበላው ከአፍሪካ አንድም ሙሉ ንባብ አልተገኘም ነበር፤ የጅቡቲ ሙቀትማ ምን ሊያስቀር። ደጋው ግን ቀዝቃዛ ነው። በጋሞ ደጋ፣ በሞታ ዋሻ (የጎጃሟ ሞጣ አይደለችም)፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ለካትሪንና ለጆን አርተር ያሳዩአቸው ዋሻ ውስጥ በ2012 የ4,500 ዓመት የወንድ መቃብር ተቆፈረ። ባይራ ብለው ጠሩት። የዘረ መል ናሙናው የተወሰደው ከየት ነው? ከጆሮ ግንድ አጥንቱ፣ ከውስጠኛው ጠንካራ ክፍል። ንባቡን ከመሩት አንዱም ያው የ2007ቱ ራስ ቆጣሪ አንድሬያ ማኒካ ነው።

ውጤቱ በኦክቶበር 2015 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ባይራ የእስያ ደም የለበትም፤ የዛሬ ኢትዮጵያውያን ግን አለብን። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ብዙ ሕዝብ በተቃራኒው ከውጭ ወደ አፍሪካ ቀንድ ተመልሷል። ጽሑፉ እዚህ አላቆመም፤ የተመለሰው ደም እስከ ናይጄሪያ ዮሩባና እስከ ኮንጎ ደን ድረስ መላ አፍሪካን አዳርሷል አለ። የዓለም ጋዜጦች አራገቡት።

ጥቂት ወራት ብቻ አለፉ። ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች፣ ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ፣ የባይራን ዘረ መል ራሳቸው አስልተው ያንኑ ውጤት ማግኘት አቃታቸው። ለማኒካ ቡድን አሳወቁ። ቡድኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲፈትሽ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሳይናበቡ ቀርተው ከባይራ ዘረ መል ውስጥ አንድ ሙሉ ዓይነት መረጃ ሳይቆጠር ቀርቷል። በጃንዩዋሪ 2016 ስህተቱ በይፋ ታወቀ፤ መላ አፍሪካ የሚለው ወደቀ። ስለ ዮሩባ የተሳሳተው ስሌት ስለ እኛም የተናገረው ያው ስሌት ነው። ከባሕሩ ማዶ ተመልሰው መጡ የተባሉት ሰዎችስ ከስህተቱ ጋር አብረው ጠፉ?

ይቀጥላል።